ባለቁልፏ ፈቃድ የለሽም የተባለችበት ቀን

ይህን ለምታነቡ ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጀሶ የማቦካ ሰው እንጂ የሚጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው፤ እስክሪብቶ ስይዝ ጣቴ ይደነግጣል፣ መስመሩም ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ጀምሬ የቀደድኩት ብዙ ነው። ነገር ግን ሰው ሳያጠፋ ሲወነጀል አይቼ ዝም ማለቱ አንጀቴን ስላሳረረው፣ እንደሆነልኝ ልጻፈው ብያለሁ። ስለ ኮምፒውተሩ ያለውን እሷ ራሷ አጠገቤ ተቀምጣ በትዕግሥት አስረድታኛለች፤ የተሳሳተ ካለ ጥፋቱ የእኔ ጆሮ ነው። ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን እሷ እንደነገረችኝ አወራለሁ።

እሷ የምላት ሴት ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ቤት ኮምፒውተር የምትጠብቅ ናት። ቁመቷ አጠር ያለ ነው፤ አረማመዷ ግን የረጅም ሰው ነው፣ ደረጃውን እየዘለለች ነው የምትወጣው። መነጽሯን በሻርፕዋ ጫፍ ስትወለውል ካያችሁ እያሰበች ነው። ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ይቀጥናል። ምሳዋን ከቢሮ ሰዎች ጋር ሳይሆን ከእኛ ጋር፣ የፕላስቲክ ብናኝ በተነሰነሰበት አግዳሚ ላይ ነው የምትበላው።

እግር የሚሠራው እንዲህ ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ይመጣል፣ ይለካል፣ ልኬቱ ፎቶው ሳይቀር ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ባለሙያው እዚያው ላይ ቅርጹን ያስተካክላል፣ ከዚያ ፈልፋዩ ማሽን ቅርጹን ያወጣዋል። ያ ቅርጽ የሚሠራበት ፕሮግራም በጣም ያረጀ ነው። የሠራው ድርጅት ተዘግቷል፣ አዲስ ኮምፒውተር ደግሞ አላውቀውም ይለዋል። እሷ ስትቀጠር አሮጌው ኮምፒውተር ሊሞት እያጣጣረ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ነገር አበጀችለት። በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ በእጅ አይነካም፣ ግን ይሠራል።

ጋሼ ይህን ሲሰማ ግራ ገባው። ጋሼ ማለት የሁላችንም አለቃና አስተማሪ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ስም ቢኖረውም ከጋሼ ሌላ ብሎ የጠራው ሰው አላውቅም።

«የት ነው ያለው ታዲያ?» አላት፣ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር እየፈለገ።

«ጋሼ፣ በትልቁ ቤት ውስጥ ትንሽ ክፍል ሠርቼ አሮጌውን ሰውዬ እዚያ አስቀምጬዋለሁ ይበሉ። ዘመኑ መለወጡን አልነገርነውም።»

«እንዲያ ከሆነ እኔንም እዚያው አስገቢኝ» አለ ጋሼ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምስጢር ቃሉን የያዘችው እሷ ስለሆነች ባለቁልፏ አልናት፤ በፍቅር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገርናት። ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን መግቢያ ስም አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም በስሙ ይግባ፣ የሠራውም በስሙ ይቀመጥ ብላ። ማን ይስማ። ሞረዱ የምንለው ባለሙያ፣ ምላሱ እንደ ሞረድ የሚፍቅ ሰው፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ጋሼ እዚህ ቆሞ እኔ በገዛ ስሜ ልግባ? በር ላይ ገፍትሬው ቀድሜ እንደመግባት እኮ ነው፣ እህቴ።»

«ኮምፒውተር ነው፣ በር አይደለም።»

«ለአንቺ ኮምፒውተር ነው።»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሥራውን ያስተማረ ጋሼ ነው፣ የጋሼ ስም እያለ የማን ስም ይጻፋል አሉ። ጋሼ ያልሰማ መስሎ መስኮት መስኮቱን አየ፤ ደስ እንዳለው ግን ጆሮው ሳይቀር ያስታውቅ ነበር። ባለቁልፏ መነጽሯን ወለወለች፣ «ይሁን» አለች። እንዲህ ሆኖ ሁላችንም በጋሼ ስም ስንገባ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ልኬት በጋሼ ስም ሲቀመጥ ዓመታት አለፉ። ውስጠኛው ማሽን ማታ ይተኛል፣ ጠዋት ይነቃል እንጂ አይዘጋም፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ስምህ ማነው ብሎ የሚጠይቅም የለ። የስክሪኑ ጥግ ላይ ሁልጊዜ «ጋሼ» ይላል።

ጋሼ ጡረታ ወጣ። በዚያው ሰሞን የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ተከፈተና እሷ አመለከተች፤ ቦታውን ከዋናው ቢሮ ለመጣ ሌላ ሰው ሰጡት። እሷም ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ «ይህ አግባብ አይደለም» አለችው። ይህችን ብቻ ነው ያለችው። እሱ ግን ይህችን ቃል ቋጥሮ አስቀመጣት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማሽኑ እምቢ አለ።

ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ ልኬት አምጣ ሲሉት ግን «ፈቃድ የለዎትም» ይላል። ሌላ ሰው ሲመርጡ፣ ፈቃድ የለዎትም። አዲስ ልኬት ሴቭ ሲያደርጉ፣ ፈቃድ የለዎትም። ሞረዱ «ትናንት ያጎረስኩት ውሻ ዛሬ ይጮህብኛል» እያለ ቁልፎቹን ደበደበ። ባለቁልፏ ተጠራች። ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተች፣ ውስጠኛው ማሽን ከውጪው ጋር የሚገናኝበትን መስመር አየች፣ ደህና ነው። ፎልደሩ በቦታው አለ፣ ፋይሎቹ ይታያሉ፣ አይነኩም። ዕቃውን በመስታወት እያሳየ በሩን የዘጋብን ሱቅ ዓይነት ነገር ነው።

የተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። አንዲት ልብስ ሰፊ እግሯ ዛሬ ይደርሳል ተብላ ከሩቅ ሰፈር መጥታ ነበር፤ ያለ እግር የስፌት መኪናዋን መርገጥ አትችልም። «ልጆቼ፣ እግር ብቻ የጎደለኝ፣ ጊዜ የተረፈኝ መሰላችሁ እንዴ?» አለችን።

ያኔ ነው ሥራ አስኪያጁ የወረደው። ታካሚዎች መራመድ የሚለማመዱበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ሁላችንንም ሰበሰበና፣ ሳይጠይቅ፣ ሳያጣራ፣ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«የምስጢር ቃሉ ያለው ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው» አለች።

«ቦታ ተከለከልኩ ብሎ ያኮረፈ ማነው?»

ፊቷ ፍም መሰለ።

«እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ» አለን። «ሰው ሲያኮርፍ ሥራ ያቆማል፤ የሰው እግር ግን አይቆልፍም። እስከ ነገ ጠዋት ካልተከፈተ ከዚህ ቤት ትሰናበታለች። የስንብት ደብዳቤዋም ላይ ለምን እንደሆነ ይጻፋል።»

ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት ሰው የትኛው መሥሪያ ቤት በር ይከፈትለታል? ኮምፒውተር ጠባቂ ሆና «ትቆልፋለች» ከተባለች፣ ገንዘብ ያዥ ሆኖ «ይሰርቃል» እንደመባል አይደለም እንዴ? ስሟ ነው እንጀራዋ። እሷ ደግሞ እናቷን የምታኖር ሰው ናት።

ከሁሉ የባሰው የእኛ ነገር ነው። ከምሳዋ ጠቅልላ ስታጎርሰን የኖረችውን ሴት፣ አንዳችንም «አታደርገውም» አላልንም። አንዱ ጫማውን አየ፣ አንዱ ጣሪያውን። ሞረዱ እንኳ ያ ሁሉ ምላሱ ታሰረ። ጭራሽ ኮሪደሩ ላይ አንዱ ለሌላው «ባለቁልፏ እኮ ናት፣ ሌላ ማን ሊቆልፈው ይችላል?» ሲል ሰማችው።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ፋይሉ በማን ስም እንዳለ፣ ማን እንዲነካው እንደተፈቀደ ለማየት ቁልፉን ተጫነች። ፈቃድ የለዎትም። እንደገና ተጫነች። አድሚን የሚሉት የአዛዥነት መብቷ የለም፤ ጠዋት የነበረው አሁን የለም። ዋናው ቢሮ ደወለች።

«ፈቃድሽ ተነሥቷል» አላት የኔትወርክ ክፍሉ ሰው። «ሥራ አስኪያጅሽ ተጠርጣሪ ናት ብሎ አሳወቀን።»

«ታዲያ እስከ ነገ ክፈቺ የተባልኩት በምኔ ነው?»

«ያንን እሱን ጠይቂው፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

ደረጃውን እየዘለለች ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣች።

«እጄን አስረውኛል እኮ» አለች ድምፅዋ እየቀጠነ። «ፈቃዴን ይመልሱልኝ፣ ልየው።»

«ለተጠረጠረ ሰው?»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይክፈተው።»

«የቆለፈው ሰው ነው መክፈት ያለበት።» ይህን ብሎ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይህ ነው።

ከግቢው ስትወጣ የት እንደምትሄድ አላወቀችም። እግሯ ግን ጋሼ ቤት ወሰዳት። ምናልባት ከመሄዱ በፊት የነካካው ነገር ቢኖር ብላ ነው። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተሰበረ ወንበር እግር በሙጫ ያጣብቃል።

«እግር አይለቀኝም» አላት ሲያያት። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ፤ እዚያኛው ላይ፣ ይህ ገና አልደረቀም።»

ነገሩን ነገረችው። ማሽኑን ነክተው ይሆን ብላ ጠየቀችው።

«ምን አውቄ እነካዋለሁ? አንቺ ጫን ያልሺውን ስጫን ነው የኖርኩት። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሲያቅፈኝ ነው የዋለው። በር ላይ መታወቂያዬን ተቀበለኝና ምን አለኝ መሰለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ከሁሉም ነገር ላይ ስምዎን አስወጥተን አሳርፈንዎታል፣ ለዋናው ቢሮም አዝዣለሁ አለኝ። እኔም አመሰገንኩት።»

ባለቁልፏ መነጽሯን አወለቀች። «ከሁሉም ነገር ላይ?»

«እንዲያ ነው ያለኝ። ምነው?»

ያኔ ገባት። ጥጉ ላይ ጋሼ የሚለው ጽሑፍ የተኛ ማሽን ትዝታ ነው እንጂ ጋሼ የሚባል ሰው ዋናው ቢሮ ከእንግዲህ አያውቅም። ትእዛዙ ሰንብቶ ትናንት ማታ ተፈጽሞ መሆን አለበት፣ ስሙን ሰርዘውታል። የዚያ ሁሉ ታካሚ ልኬት ደግሞ የጋሼ ነው፣ ከጋሼ ሌላ ለማንም አልተፈቀደም። ባለቤቱ ሲጠፋ ንብረቱ ሜዳ ላይ ቀረ፤ እኛም በሌለ ሰው ስም እያንኳኳን ነው የዋልነው። ይህን ለጋሼ አስረዳችው። ሙጫውን ከጣቱ ላይ ፋቀ።

«ስሜን ፋቁት ማለት ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንቺ በየስማችሁ ግቡ ስትያቸው ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ደስ ብሎኝ ነው። ሰው ሲያረጅ በትንሽ ነገር ደስ ይለዋል። መጥቼ ልናገርልሽ?»

«አይ፣ ጋሼ። እርስዎ ሊናገሩልኝ አይገባም። መናገር ያለበት ያለ ፍርድ የፈረደብኝ ሥራ አስኪያጁ ነው።»

ተመልሳ ስትመጣ ልብስ ሰፊዋና ሌሎቹ ታካሚዎች ክራንቻቸውን ይዘው ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመው ነበር። እነሱ ባይኖሩ የሚሰማት አልነበረም። የተረዳችውን ነገረችው፤ የጋሼን ስም እርስዎ ነዎት ያሰረዙት አለችው። ጫጫታው ሲበዛበት ስልኩን አንሥቶ ፈቃዷን አስመለሰላት።

«በቃ፣ ለሁሉም ክፈቺውና እንገላገል» አላት። «ማንም ይግባ፣ ማንም ይይ።»

«ማንም አይገባም።»

«አሁንም ትከለክያለሽ?»

«የሰው ገላ ፎቶ ነው ያለበት» አለች። «ይህች ሴት ለሐኪም እንጂ ለግቢው ሁሉ አላሳየችም። የሠራተኛው ሁሉ ስልክ ላይ እንዲዞር ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ከበር «አንተ፣ በል የራስህን ፎቶ አስቀድም» አለችው።

ባለቁልፏ ወርዳ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። የፋይሉን ባለቤት ስትጠይቅ አሁን መልስ መጣላት፤ ስም አይደለም፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ረጅም ቁጥር ነው። ከጋሼ የቀረው ያ ብቻ ነው። ባለቤትነቱን አንሥታ ለባለሙያዎቹ ክፍል አዞረችው፣ ለእያንዳንዱ የራሱን መግቢያ ስም ሰጠችው፣ ውስጠኛውን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግታ ከፈተችው። ሞረዱ በገዛ ስሙ ገባ። ልኬቱ ተከፈተ። የልብስ ሰፊዋ ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ሲዞር ፈልፋዩ ማሽን ተነሥቶ አንጎራጎረ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

አሁን ነው ጉዱ። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ ሲያንጎራጉር ሰምቶ ወረደ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፈገግ እያለ።

«ይኸው» አለን። «አላልኳችሁም? ቁልፉ እሷው ጋ ነበር። ስትጨነቅ ከፈተችው።»

አያችሁልኝ? ባትከፍት ኖሮ የቆለፈች ናት፤ ስትከፍት ደግሞ የቆለፈች ናት። በየት በኩል ትውጣ? አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ እንዲያ ነው እንዲያ ነው እያለ። ሥራ አስኪያጁም እንደ ቸር ሰው ድምፁን አለስልሶ «ይቅር ብለንሻል፣ ስንብቱ ቀርቷል። ያለፈው አልፏል» አላት።

«ምን አድርጌ ነው ይቅር የሚሉኝ?»

«አታባብሺው።»

«ያላጠፋሁትን ይቅርታ አልቀበልም» አለች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ እናቷን ልብስ ስታጣጥፍ አገኘቻት። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። እናትየው ሰምታ ሰምታ፣ አንሶላውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቀስ ብላ «ልጄ፣ ተናደሽ ድንገት ነካ አድርገሽው እንደሆነ ለእኔ ንገሪኝ» አለቻት።

«እማዬ፣ አንቺም?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ። ሁሉ ሰው እንዲያ ካለ ብዬ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ ነው ዓይኗ እንባ ያቀረረው፤ ሌላውን ሁሉ በደረቁ ነው የተናገረችው። ሥራ አስኪያጁን ትጠላዋለች፣ እኛን ትታዘበናለች፤ የእናቷ ጥርጣሬ ግን ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። በዚያ ምሽት ሥራውን እተወዋለሁ ብላ ነበር። ቆይታ ደግሞ፣ ብተወው ጥፋተኛ ስለሆነች ሄደች ነው የሚሉት፣ ዝም ብልም ያው ነው አለች። በአፍ ብትነግራቸው እንደማይገባቸውም አወቀች። እናቷ እንኳ አልገባትም። ራት ሳትበላ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ደረሰች። አንድ አንድ ስንገባ እየጠራች ኮምፒውተሩ ዙሪያ አቆመችን። ታካሚዎችንም ጠራች። ሥራ አስኪያጁን ደረጃው ላይ ስታገኘው «እባክዎ፣ ለአንድ አፍታ» አለችው፤ ሰው ሲያየው መምጣት ግድ ሆነበት።

«አዲስ መግቢያ ስም ሠርቻለሁ» አለችን። «ስሙ ሥራ አስኪያጅ ይባላል። ሞረዱ፣ በዚህ ስም ተቀመጥና አንድ ነገር ሣል።»

«ደመወዙም አብሮ አለው?» አለ ሞረዱ፤ ግን ተቀመጠ። የጫማ ቅርጽ የመሰለ ነገር ሠርቶ ሴቭ አደረገ። ተቀመጠለት። ዘግቶ ከፈተው። ተከፈተ።

«አሁን ከወንበሩ አትነሣ። ምንም አትንካ።» ወደ ሌላኛው ስክሪን ዞረች፣ ሁላችንም እያየናት ሥራ አስኪያጅ የሚለውን ስም ሰረዘችው። «ማሽኑን አልነካሁም። የምስጢር ቃል አልቀየርኩም። ስም ብቻ ነው የሰረዝኩት። በል አሁን ሥዕልህን ክፈተው።»

ሞረዱ ተጫነ። ፈቃድ የለዎትም። ደግሞ ተጫነ። ፈቃድ የለዎትም። ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም «ሥራ አስኪያጅ» ይላል።

ሞረዱ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ወደ እሷ አላየም፤ ዞር ብሎ ሥራ አስኪያጁን አየ። ሁላችንም እሱን አየነው።

«የጋሼን ስም ያሰረዘው ማነው?» አለች፤ ድምፅዋ አልቀጠነም።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና «መማማር ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ቢሮው ወጣ። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም፣ እስከ ዛሬም አልወጣችም። ሞረዱ ግን ከወንበሩ ተነሣ፣ ዓይኗን ማየት አፍሮ ወለሉን እያየ «እህቴ፣ ትናንት ዝም ማለቴ ደግ አልሠራሁም» አላት።

«አዎ፣ አልሠራህም» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ስልኳን አወጣችና እናቷ ዘንድ ደወለች።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ይህን ሰውዬ ስሚው» ብላ ስልኩን ሞረዱ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ እሱ እየተንተባተበ ሲጀምር ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ በገዛ ስሟ ገብታም፣ ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ቆማ እሺ ስትላት፣ ልኬቷን ከፈተች።